አረንጓዴው ሽቦ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያው የጋሽ ፊውዝ የሕይወት ታሪክ

«ህም።»

ወደ ሥራ ቦታቸው የመጣ ደንበኛ ሁሉ ጋሽ ፊውዝን ከማየቱ በፊት የሚሰማው ይህንን የአፍንጫ ድምፅ ነበር። ድምፁ የሚመጣው ከዳሽቦርድ ሥር ነው። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው በተከፈተው የመኪና በር በኩል ሁለት ጫማዎች ወጥተው ይታያሉ፤ ከዚያ በላይ የሚታይ ነገር የለም። የድምፁም ትርጉም አንድ ብቻ ነበር፤ ከእሳቸው በፊት እዚያ መኪና ውስጥ እጁን ያስገባው ሰው ሥራ እንደማያውቅ አይተዋል ማለት ነው። በኖሩበት ሃምሳ ስምንት ዓመት ይህ ድምፅ ያልደረሰው ሰው ቢኖር፣ አንድም ሥራውን አሳምሮ የሠራ፣ አንድም በደጃቸው ያላለፈ ነው። የመጀመሪያዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ሟች ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው በመስከረም ወር 1958 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል ከአባታቸው ሱቅ በስተጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ ግድግዳዋ ላይ ዐሥራ አንድ ሰዓቶች ተሰቅለው ዐሥራ አንዱም የየራሳቸውን ይቆጥሩ ነበር። አባታቸው የሰው ሰዓት እንጂ የቤታቸውን አስተካክለው አያውቁም። ሟች ገና በስድስት ዓመታቸው ወንበር ላይ ቆመው ሁሉንም ተመሳሳይ ሰዓት ላይ ካደረጉ በኋላ ዘወር ብለው አባታቸውን አንድ ጊዜ እንዳዩዋቸው እህታቸው ይናገራሉ። በኋላ «ህም» የሚል ድምፅ ያወጣው ያ አስተያየት ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዐሥረኛ ክፍል በአንደኝነት ተምረዋል። ዐሥረኛ ክፍል ሳሉ የፊዚክስ መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣሉትን የኤሌክትሪክ መስመር ሟች ተነሥተው በዳስተር አጠፉትና በትክክሉ ሣሉት። መምህሩ ይቅርታ እንዲጠይቋቸው አዘዙ። ሟች ግን ይቅርታ ቢጠየቅም አምፖሉ እንደማይበራ አስረዱ። በዚህም መደበኛ ትምህርታቸው ተጠናቀቀ።

ከዚያም በሙያ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ሠልጥነው በ1978 ዓ.ም. በአንድ የአውቶቡስ ጋራዥ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በዓመቱ አባታቸው ሲያርፉ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበሩትን ታናሽ ወንድማቸውን የማሳደግ ኃላፊነት በእሳቸው ላይ ወደቀ። አበሉ፣ አለበሱ፣ አስተማሩ፤ ሲያስተምሩም አላሞገሱም። በ1986 ዓ.ም. ሁለት መኪና የሚያስገባ ባለቆርቆሮ ጣሪያ ሥራ ቦታ ከፍተው ወንድማቸውን አጠገባቸው አቆሙ። ፊውዝ የሚለውን ስም ያወጡላቸው በዚያ ሰሞን የመጡ ደንበኞች ናቸው። ከመጠን ያለፈ ነገር ሲመጣባቸው አይጮሁም፤ ቀጥ ይላሉ።

በ1988 ዓ.ም. የልብስ ስፌት ባለሙያ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። የተዋወቁት ባለቤታቸው ሞተሩ የሚጨስ የስፌት መኪና ይዘው ወደ ሥራ ቦታው በመጡ ጊዜ ነው። ሟች ሞተሩን ከፍተው ድምፃቸውን አሰሙ። ባለቤታቸው ግን ደንገጥ እንኳ ሳይሉ የሟችን ካፖርት እጅጌ ገለበጥ አድርገው አዩና «ይኼንን የሰፋልህ ሰው ዓይን ነበረው?» ብለው ጠየቁ። ሟች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫቸው ዝም አለ። ከዚህም ጋብቻ አንዲት ሴት ልጅ ወልደው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ መኪና ውስጥ የሚገጠም ቪዲዮ ማጫወቻ መጣ። በሰፈሩ ካቻቢቴ የጨበጠ ሁሉ ባለሙያ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ሬዲዮኑን በጉልበት መንግሎ፣ ሽቦ በጥርሱ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ ናስትሮ ጠቅልሎበት «ተገጠመ» የሚል ሁላ። ሟች አንዱን ለመግጠም አንድ ሙሉ ቀን ይወስዱ ነበር። የዳሽቦርዱን ክፈፍ በፕላስቲክ ቢላ ሳይጫር ያነሣሉ፤ እያንዳንዱን ሽቦ በወረቀት ይሰይማሉ። ቢጫውን የራሱ ፊውዝ ሰጥተው ከባትሪ፣ ቀዩን ከቁልፉ መስመር፣ ጥቁሩን ቀለሙ እስኪለቅ ከተፋቀ ብረት ጋር ያገናኛሉ። መጋጠሚያውን ሁሉ በስታኞ ይበይዳሉ፤ ከበየዱም በኋላ ይስቡታል። በጥርስ ሽቦ የሚልጥ ሰው ሲያዩ፣ ፈጣሪ ፒንሳን ለማን ብሎ እንዳሠራ ይጠይቁ ነበር።

በመጨረሻ ቀጭኑ አረንጓዴ ሽቦ ይቀራል። ይህ ሽቦ ከእጅ ፍሬኑ ጋር የሚገናኝ ነው። ፍሬኑ ሲሳብ መኪናው መቆሙን ለማጫወቻው ይነግረዋል፤ ምስልም ይመጣል። ፍሬኑ ሲለቀቅ ስክሪኑ ይጨልማል። ሾፌር እየነዳ ፊልም እንዳያይ የተደረገ ነገር ነው። ሽቦውን ከእጅ ፍሬኑ ትቶ ከመኪናው ብረት ጋር ያሰረው ሰው ግን ማጫወቻውን አታሎታል፤ መኪናው እየበረረ ፊልሙ ይቀጥላል። በሰፈሩ ካለ ገጣሚ ሁሉ ብረት ላይ የማያስር አልነበረም፤ ደንበኛውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነበር። ሟች እንዲህ ያለውን ደንበኛ ከደጃቸው ይመልሱት ነበር። እየነዳ ፊልም የሚያይ ሾፌር ፊልሙ እሱ ራሱ ይሆናል፤ ቆሞ የሚያየው ሌላ ሰው ነው ይሉ ነበር። ደንበኛውም ይሄዳል። አልተከተሉትም።

በ2001 ዓ.ም. የሆነውን እንደ ጥንት ተረት የሚያወሩ ዘመዶች ስላሉ፣ ነገሩ እዚህ ላይ በትክክል ይጻፍ። አንድ የሕዝብ ማመላለሻ ሾፌር አረንጓዴው ሽቦ ብረት ላይ ይታሰርልኝ ብሎ በሟች ተባረረ። ታናሽ ወንድማቸው ሾፌሩን በጓሮ በኩል ጠርተው አሰሩለት። በማግስቱ ሾፌሩ ሊያመሰግን መጥቶ ያመሰገነው ጋሽ ፊውዝን ሆነ። ሟች ዳሽቦርዱን ከፈቱ፤ የታሰረውን ጫፍ በፒንሳ ቆረጡ፤ የጣት አንጓ የምታህል አረንጓዴ ቁራጭ ወንድማቸው መዳፍ ላይ አስቀመጡ።

«ይኼን ያዝና ውጣ» አሉ። «በዐሥራ አምስት ዓመት የተማርከው ይኼን ያህላል።»

ወንድማቸው ወጡ። የመኪናውንም በር እንደ ልማዳቸው ደርግመው ወጡ። ከመንገዱ ማዶ የራሳቸውን ሥራ ቦታ ከፍተው መኪና ከነስክሪኑ የተሣለበት ትልቅ ሰሌዳ ሰቀሉ። በዐሥር ደቂቃ ይገጥሙ ስለነበር ሰው «ቶሎ» የሚል ስም አወጣላቸው። ሟች ስሙን በሰሙ ጊዜ ያከሉበት አንድ ነገር ቢኖር «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» የሚለውን ብቻ ነው። ደንበኛው ግን ሰንበሌጡን ወደደው፤ ወደ ማዶ ጎረፈ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወንድማማቾች ለዐሥራ አምስት ዓመት መንገዱን በሁለት በኩል ይዘው ሲኖሩ የእግዜር ሰላምታ አልተለዋወጡም።

በነገሩ ውስጥ ሟችን የነካ አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ስማቸው ነው። ወንድማቸው ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ እንዲህ ማለት ጀመሩ፦

«ሕጉ ለናንተ ነው። የሱ መኪና ውስጥ ያለው አረንጓዴ ሽቦ ብረት ላይ ነው የታሰረው፣ እንደናንተው። ወንድሜ አይደል እንዴ፣ አላውቀውም?»

ሰፈሩ አመነ። ሰው ደግ ነገር ሲወራ ምስክር ይጠራል፤ ክፉ ሲወራ ወንበር ያቀርባል። ሟች ነጭ መኪናቸው ውስጥ ማጫወቻውን የገጠሙት ወንድማቸው ከወጡ በኋላ በ2002 ዓ.ም. ሲሆን፣ እንዴት እንደገጠሙት ያየ የለም። ቤታቸው ቴሌቪዥን እያለ ሰንበት ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ይዘው ግቢያቸው ውስጥ በቆመችው መኪና ይቀመጡና የሠርጋቸውን ፊልም ያዩ ነበር። ዝናብ መስታወቱን ሲመታው፣ የትም የማትሄድ መኪና ሩቅ የምትሄድ ትመስላለች። ለመንዳት ሲነሡ ግን የእጅ ፍሬኑን ከመልቀቃቸው በፊት ማጫወቻውን በገዛ እጃቸው ያጠፉት ነበር። ስለዚህ ፍሬኑ ሲለቀቅ ስክሪኑ ይጨልም አይጨልም ባለቤታቸው እንኳ መመስከር አይችሉም።

እህታቸው አንድ ቀን መጥተው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለሰው አሳይና የሰው አፍ ይዘጋ ብለው ለመኑ። ሟች ቲማቲም ሻጭ ሆነው ዳብሱልኝ እያሉ ሲዞሩ ታይተው እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያም ያሉት ይህ ነው፦ «ኪሱን የሚያራግፈው የሰረቀ ነው።» እንደዚህ ብለው ደንበኛቸው ሲቀንስ፣ ሥራ ቦታቸው ከሁለት መኪና ወደ አንድ፣ ከአንድም ወደ ባዶ ሲሄድ አዩ። አላሳዩም። እውነቱን ለመናገር፣ ከቤተሰቡም የሚጠራጠር ነበር። ዛሬ ጥቁር መነጽር አድርገው የመጡ፣ «ልንጠይቃቸው ስንል» የሚሉ ዘመዶች ራሳቸውን ያውቃሉ። ማዶ ሄደው ያስገጠሙም አሉ።

ሟች ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በተኙበት ክፍል የልብ ትርታ የሚያሳየው መሣሪያ ገመድ በናስትሮ ተጠቅልሎ አይተው ነርሷን አስጠሩ። ነርሷ ሕመሙ የባሰባቸው መስሏት ሮጣ መጣች። ያሳዩዋት ናስትሮውን ነው። ታናሽ ወንድማቸው ሆስፒታል አልመጡም፤ ብርቱካን ላኩ። ሟች አንዱን ላጥ አድርገው ለጎረቤት በሽተኛ ሰጡና ከረጢቱን መለሱ። ከማረፋቸው ከሁለት ቀን በፊት፣ መኪናዋን በየሳምንቱ እያስነሣች ስታቆያት የነበረችውን ልጃቸውን ጠርተው «ከኔ በኋላ ቁልፉን የሚጠይቅ ከመጣ፣ ስጪው። ማንም ይሁን» አሏት። ማን እንደሚጠይቅ አልተናገሩም።

ጋሽ ፊውዝ ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዟቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ አንዲት እህትና አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። የፈጠራቸው ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበላት፤ በሄዱበት ያለው ሥራ ሁሉ ተስተካክሎ የተሠራ ይሁንላቸው፤ ሲገቡም አፍንጫቸው ዝም ይበል።

ጽሑፉ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ትናንት ከሰዓት በኋላ በሐዘን ቤቱ ለዘመድ ሲነበብ ግን ብዙ አስተያየት ተሰጠ። «ከሰው ጋር ተግባቢ ነበሩ» ይባልልን ያሉ ነበሩ። ሟች ከሰው ጋር አልተግባቡም፤ ስለዚህ አልተጻፈም። ስለ ሽቦው የተጻፈው ይውጣ፣ ሙት አይወቀስም ያሉም ነበሩ። የሞተ ሰው ከተጠረጠረበት ነጻ ሊወጣ አይገባውም የሚል ትርጉም ካልተሰጠው በቀር፣ የዚህ አባባል ቁም ነገር አልታየንም።

በር አጠገብ ተቀምጠው የነበሩት ታናሽ ወንድማቸው አስተያየት አልሰጡም። ተነሡና ለሟች ልጅ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቁልፉን» አሉ።

ሰጠቻቸው። ዘመድ ሁሉ ተከትሎ ወደ ግቢው ወጣ። ወንድማቸው የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቁልፉን አዞሩ፤ ማጫወቻውን ከፈቱ። የሠርጉ ፊልም መጣ። ከሙሽራው በስተቀኝ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ የሙሽራውን ካፖርት በክንዱ ይዞ ይስቃል፤ ጎረምሳው ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። የእጅ ፍሬኑን ለቀቁት። ስክሪኑ ጨለመ። ሳቡት፤ ጎረምሳው እየሳቀ ተመለሰ። ለቀቁት፤ ጨለመ። በመስኮቱ ያየን ሁላችን አየን። ሦስተኛ ጊዜ ከጨለመ በኋላ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉና በጀርባቸው ተኝተው ከዳሽቦርዱ ሥር ገቡ።

በተከፈተው በር ሁለት ጫማዎች ወጥተው ቀሩ። በግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ያንን የአፍንጫ ድምፅ ይጠብቅ ነበር። ብዙ ቆዩ። ምንም አልተሰማም።

ከዚያ ወጡ። ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ አደረጉ። በሩን በሁለት እጃቸው ገፋ አድርገው፣ ቀጭ እስኪል፣ ቀስ ብለው ዘጉት። ቁልፉን ለልጅቱ መለሱ። እህታቸው «ወዴት ነው?» ብለው ጠየቋቸው። በዘመዱ መካከል አልፈው ከግቢው ወጥተው ሄዱ።