ሚዶ ወይስ ጥፍር

ሐምሌ 11፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ዝናቡ አባራ። ሻይ፣ ደረቅ ዳቦ። ከዚያ እንደ ልማዴ ጅባውን፣ ያችን የእንሰት ምንጣፍ፣ ጠቅልዬ፣ መጽሐፌን በብብቴ ይዤ፣ ከጓሯችን ባሕር ዛፍ ሥር። ት/ቤት ተዘግቷል። ቡታጅራ ሙሉ መምህሩ ክረምቱን ያነባል ብላ ታምናለች። አንተ ታውቃለህ ደብተሬ፤ አንቀላፋለሁ።

ትናንት ግን ሥራ ተሰጠኝ። ሚስቴ ዘይነባና ወንድሟ ሸምሱ (ከእንግዲህ ዘ. እና ሸ.፣ ቀለም ለመቆጠብ) ከስንት ጊዜ በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ በሸ. ትራክተር የፊት ክንድ ላይ የሚገጠም የብረት እጅ ይገዛ። ሻጮቹ ግራፕል ይሉታል። ግንድና ጭራሮ አንቆ ያነሳል። የትኛው ዓይነት ይሁን የሚለውን እኔ እንድመርጥ። ምክንያት አንድ፦ አነባለሁ። ምክንያት ሁለት፦ ወሎዬ ነኝ፤ በአባታቸው መሬት ላይ ወገን የለኝም።

የመጀመሪያው ምክንያት እንኳ አጠራጣሪ ነው።

ሐምሌ 14፣ ከሰዓት

ስልኬ ላይ የብረት እጆች ፎቶ ሳይ ዋልኩ። ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የጭልፊት እግር ይመስላል፤ ግንዱን ጨብጦ መኪና ላይ ያጋድማል። ሸ. ጥፍር አለው። ሌላው ሰፊ ነው፤ ረጃጅም ጥርሱን መሬት ውስጥ ሰዶ ጉቶ ከነሥሩ ይነቅላል፣ ጭራሮውን ጠርጎ ያፍሳል። ዘ. አየችውና ሚዶ አለችው። ስማቸው በዚያው ጸና።

ሸ. ጥፍሩን ይፈልጋል። የጓሮው ባሕር ዛፍ ይቆረጥ፣ አጠናው ይሸጥ፣ ጉቶው ደግሞ ያቆጥቁጥ። ባሕር ዛፍ ማለት ቆርጠኸው ተኝተህ ስትነሳ በቅሎ የሚጠብቅህ ነው፣ ወላሂ፣ ይላል።

ዘ. ሚዶውን ትፈልጋለች። ከዛፎቹ በታች፣ ልጅ ሳለች ውሃ የምትቀዳበት ምንጭ ነበር። አባቷ ባሕር ዛፉን ተከሉ፤ ምንጩ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጠፋ። ዛፉ ይነቀልና እንሰት ይተከል፣ ውሃው ይመለሳል ባይ ናት። ስለዚያ ውሃ ስታወራ ድምጿ ይቀጥናል። የማላውቃት ልጅ ታወራለች።

እኔስ? አልተጠየቅኩም። እኔ ዛፎቹ እንዳሉ ቢቆሙ ነው የምወደው። ይህን በሩቁ፣ ስለ አፈር መሸርሸር እያወራሁ ለማንሳት ሞከርኩ። ዘ. ልብስ እያጠበች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም።

«አንተ የምትወደው ጥላውን ነው። ጥላ ደግሞ አይበላም።»

ሐምሌ 16፣ ቅዳሜ

ጭጋግ። ዘቢዳር ተራራ ዛሬ የለም፤ ያለው በእምነት ብቻ ነው። ቅጠሉ ዝናብ ጠጥቶ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠነውን ዓይነት ሽታ ያወጣል። ተጋደምኩ። ከላይ ሲንሿሿ ባሕር ዳር የተኛሁ ይመስለኛል፤ ባሕር ግን አይቼ አላውቅም።

ሕልም፦ ከጭጋጉ ውስጥ የብረት እጅ ወጣ። በቀስታ። መጽሐፌን አነሳ፣ ገጽ ገለጠልኝ፣ መለሰልኝ። ከዚያ ፀጉሬን አበጠረ። ነቃሁ። ቅጠል ነበር። ከራሰ በራነቴ በፊት ተልኮ ዘግይቶ የደረሰ ሕልም መሆን አለበት።

ሐምሌ 19፣ ማክሰኞ፣ ወልቂጤ

በጉብሬ በኩል መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ላይ ተደግፌ፣ አጥሩ፣ እንሰቱ፣ ባሕር ዛፉ፣ እንደገና እንሰቱ፤ ለማንኛው እንደማዝን ሳላውቅ ደረስኩ።

የብረት እጆቹን የሚሠራው ብየዳ ቤት ባለቤት ወ/ሮ አስካለ ይባላሉ። ቁጭ በል አላሉኝም። ስለ ትራክተሩ ጉልበት፣ ስለ ዘይት ቱቦው፣ ስለ ጥርሶቹ ውፍረት ያዘጋጀሁትን ንግግር እስከ ግማሹ ሰሙና አቋረጡኝ።

«ዛፉ ተመልሶ እንዲበቅል ትፈልጋላችሁ፣ አትፈልጉም?»

ቤተሰቡ ገና እየተወያየበት ነው አልኩ። እንግዲያስ ብረት ልትገዛ አልመጣህም፣ ሽማግሌ ፍለጋ ነው የመጣኸው አሉ። ቢሆንም አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ሁለቱንም የሚሠራ አለ አሉ፦ ከታች ሚዶ፣ ከላይ ጥፍር። ደስታዬ ወሰን አጣ። ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ ይሠራል። እኔም ጂኦግራፊና ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ፤ ኑሮውን አውቀዋለሁ። ለሙከራ ሊልኩልን ተስማሙ፤ ካልሆነ የመመለሻው ወጪ በእኛ።

ሐምሌ 23፣ ቅዳሜ፣ ምሳ ሳይበላ

ትናንት መጣ፣ ዛሬ ተሞከረ። ሰፈሩ ሁሉ ለማየት ወጣ።

መጀመሪያ ሚዶነቱ። ከታችኛው ጠርዝ ያለውን አሮጌ ጉቶ ዙሪያውን በዶማ አላላንለት። ጥርሱን ሰደደ፣ አቃሰተ፣ ነቀለ። ዘ. እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታያለች። ጉድጓዱን ነው የምታየው፤ ማሽኑን አይደለም።

ቀጥሎ ጥፍርነቱ። ሸ. ካሉት ሁሉ ትልቁን እርጥብ ግንድ መረጠ። አነቀው። ክንዱን አነሳ። ግንዱ ከመሬት አልተነሳም፤ የትራክተሩ የኋላ ጎማ ተነሳ። ሸ. ከነወንበሩ ወደ ሰማይ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ከላይ ሆኖ፣ ሊሞት እንደተቃረበ ሰው፣ ሸሃዳ ሲል ሰማሁት።

«ሸምሱ፣ ትወርዳለህ ወይስ በዚያው ነህ?» አለች እህቱ።

ወረደ። ቢስሚላህ ሳልል ጀምሬ ነው አለ። ክብደቱ ነው አልኩ፤ እጁ ራሱ ከባድ ነው፣ ግንድ ሲጨመርበት ትራክተሩ አይችለውም። ለየብቻቸው ቢሆኑ ሚዶውንም ጥፍሩንም ይችላል። ሁለቱን ባንድ ላይ አይችልም።

ስለዚህ አስታራቂው ነገ ወደ ወልቂጤ ይመለሳል። እኔም ወደ ምርጫዬ።

ሐምሌ 24፣ እሑድ

ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ አደረ። ዘ. ጎህ ሲቀድ አየችው። ሸ. ክረምት ነው፣ የእኔም ጫማ ውስጥ ውሃ አድሯል አለ። ጆግ አመጣች፣ ጎንበስ ብላ እስከ ጭቃው ቀድታ ደፋችው። ከዚያ ዳር ላይ ተቀመጠች።

ዛሬ ዝናብ ጠብ አላለም። የአስር ሶላት ሰግደን ስንወጣ ጉድጓዱ ሞልቷል። ጥርት ያለ፣ ሰማይ ያለበት። ዘ. እጇን ነከረች። ፊቷን አላየሁም፤ ጀርባዋን ብቻ። ጀርባዋ ልጅ ሆኗል።

ሐምሌ 25፣ ሰኞ

ሸ. እሷ ባለችበት ጠየቀኝ።

«ቲቸር፣ አንተ ተምረሃል፣ አንተ ያልከውን እንቀበላለን። ይሄ የዝናብ ነው አይደል?»

ደብተሬ፣ ሥራዬ ነው፤ መልሱን አውቀዋለሁ። በሐምሌ የሞላ ጉድጓድ ምንም አያረጋግጥም። ዳገቱ ሁሉ ውሃ ጠጥቷል፤ የትም ብትቆፍር ይሰርጋል። አዎ የዝናብ ነው ብል ሁለቱም ያምኑኛል። ጥፍሩ ይገዛል፣ ዛፉ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጥላዬ ይመለሳል። አንድ ቃል ነው የቀረኝ። ያውም ግማሽ እውነት የሆነ ቃል።

ዘ. አላየችኝም። የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

«የዝናብ ሊሆን ይችላል፣ የምንጩም ሊሆን ይችላል» አልኩ። «የሚታወቀው በጥር ነው። ያውም ዛፎቹ ከተነቀሉ።»

ሸ. እኔን አየ። ከዚያ እህቱን። ተማረ ብለን ጠየቅነው፣ እሱም አላውቅም አለ፤ ይኸው የትምህርት ጥራት፣ አለና ሄደ።

ሐምሌ 27

ሸ. በጧት መጣ። አሰላሙ አለይኩም ብሎ ቆመ፣ አልገባም አለ። በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፦ ለመጨረሻ ጊዜ ይቆረጥ፣ ለትራክተሩ ወጪ የሚሆነውን አጠና እሱ ይሽጥ፣ አጠናውን እንደ ድሮው በትከሻ እንጭናለን፤ ትከሻ አላህ የሰጠን ሃይድሮሊክ ነው። ከዚያ ጉቶው በሚዶ ይነቀል። በጥር ውሃ ከሌለ ግን እኔ ቤት እንዳትመጪ። ዘ. ሳቀች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች።

ጥላውን ያነሳ ሰው የለም። ለምን ይነሳል።

ሐምሌ 28፣ ሐሙስ

ለወ/ሮ አስካለ ደወልኩ። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ደህና የሚሠራው ጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ብቻ ነው። እዚያው ቆምኩ። ከላይ ይንሿሿል። ጭጋጉ እስከ ጉልበቴ። ምን ወሰናችሁ አሉኝ። ሚዶ አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አይሰማም፣ ጮክ በል» አሉ።

ቀና ብዬ አየሁ። ጮክ አልኩ።