በስልክህ የሚመልስልኝ ሰው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን

ለምወድህ ባለቤቴ፣

ይህን የሚያነብልህ ታናሽ ወንድምህ እንደሆነ ስለማውቅ፣ መጀመሪያ ለእሱ አንድ ነገር ልበል። አንተ ሰው፣ አንድም ቃል እንዳትዘል! ስድቡንም ቢሆን እንዳለ አንብብለት። ብትዘል አውቅብሃለሁ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። እኛ ደህና ነን። ልጅህ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ለሥራ ርቀህ ከሄድክ ወዲህ በጣም ናፍቀኸናል። ጉዱን ግን ከሥሩ ልንገርህ።

የላቦራቶሪያችንን ሰርቨር ወደ አዲሱ ሲስተም ካላሻገርሽው እያለ ኃላፊው ሲነዘንዘኝ መክረሙን ታውቃለህ። «ለአሮጌው የደህንነት ጥገና መውጣቱ ቆሟል፤ አንድ ቀን ሌባ ገብቶ የሕመምተኞቹን ውጤት ያምስልናል» ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ግን አዲስ ነገር እስኪያረጅ ድረስ አላምነውም።

ላቦራቶሪው ዝግ በሚሆንበት እሑድ፣ ጠዋት ጀመርኩ። እንዳስተማርከኝ ከሁሉ በፊት የሲስተሙን ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ። መቀመጡንም ስላላመንኩ ማሽኑን ከዚያው ዲስክ አስነስቼ አየሁት። ከዚያ የአዲሱን ሶርስ ኮድ፣ ማለትም ሲስተሙ የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ አውርጄ ማሽኑ ራሱ እንዲገነባው ተውኩት። ሲጨርስ ከርነሉን፣ አንተ «ልቡ» የምትለውን፣ ለብቻው ጫንኩና አጥፍቼ አበራሁ። ልቡ መታ። ቀሪውንም አስከተልኩ። የእኛን የቅንብር ፋይሎች ከአዲሶቹ ጋር እያስታረቅሁ ስሄድ የተጠቃሚዎቻችን ስም ያለበት ላይ ደረስኩ። «በአዲሱ ልተካው?» ይለኛል። እሺ ብለው የሁላችንንም ስም ጠርጎ ሊያወጣልኝ! ዓይኔን ሳላሽ እምቢ አልኩት።

ሰኞ ጠዋት የደም መመርመሪያው መሣሪያ ከአዲሱ ሲስተም ጋር አልግባባ አለ። ለካ ፕሮግራሙ የተሠራው ለአሮጌው ብቻ ኖሯል። ውጤት በእጅ መጻፍ ጀመርን፤ ኮሪደሩ በሰው ተጨናነቀ። አንዲት እናት ትኩሳት ያለበት ልጇን አቅፋ በመስኮቱ ታየኛለች፤ ሐኪሙ የደሙን ውጤት ሳላይ መድኃኒት አልጀምርም ብሏታል። ኃላፊው ደግሞ ከጀርባዬ ቆሞ «ወደ ድሮው መልሺልኝ፣ አሁኑኑ!» ይላል። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን ካንተ ልስማው ብዬ በስልክህ ጻፍኩልህ።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ውዴ፣ አትጨነቂ። አሮጌውን በአዲሱ ላይ ጫኚበት፤ ይሠራል።»

ውዴ? ከተጋባን ጀምሮ «ኢንስፔክተር» እንጂ «ውዴ» ብለኸኝ አታውቅም። እሱስ ይሁን፣ ናፍቆት ሰውን ይለውጣል ብዬ ልለፈው። «በላዩ ላይ ጫኚበት» ማለትህን ግን ምን ልበለው? «መመለስ ካስፈለገሽ አሮጌውን በአዲሱ ላይ እንዳትጭኚ፤ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ይሆንና መነሳት ያቅተዋል። ቅጂሽን ነው የምትመልሺው» እያልክ ጆሮዬን ያደነቆርከው አንተ አይደለህም እንዴ?

ወጥመድ አጠመድኩ። «ያኔ ፋርማሲ ያለው ማሽናችን ሲበላሽ እንዳደረግነው ላድርግ?» ብዬ ጻፍኩ።

«አዎ፣ ልክ እንደዚያ ጊዜ አድርጊው።»

ፋርማሲ ውስጥ ማሽን ኖሮን አያውቅም። ይህን የሚጽፍልኝ አንተ አይደለህም። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩና ያስቀመጥኩትን ቅጂ መለስኩ። አሮጌው ሲስተም ተነሳ፣ መሣሪያው ከሰርቨሩ ጋር ታረቀ፣ ያቺ እናትም ውጤቷን ይዛ ወደ ሐኪሙ ሮጠች። ሁሉም አመሰገነኝ። እኔ ግን አንድም ቃል አልሰማሁም።

ነገሩን ወደ ኋላ እያየሁ ገጣጠምኩት። ጉንፋን ድምፅህን ዘጋው ተባልኩ፤ ቀጥሎ የስልክህ ካሜራ ተበላሸ። ልጅህ እንኳን «አባዬ ለምንድነው ድምፁን የማይልክልኝ?» ስትለኝ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ዋሽቼላታለሁ። ሌላ ሴት ይዘሃል አልኩ። እሷ ናት በስልክህ የምትጽፍልኝ፣ ለዚህ ነው «ውዴ» የምትለኝ አልኩ። አትሳቅ።

ምሳ ሰዓት ላይ አብሮህ ለሚኖረው ወንድምህ ደወልኩ።

«ወንድምህን አቅርብልኝ።»

«እትዬ፣ ሥራ ላይ ነው እኮ።»

«ስልኩስ የት ነው?»

«ከራሱ ጋር ነዋ!»

በሌላኛው ስልኬ ወዳንተ ቁጥር ደወልኩ። ስልክህ በወንድምህ ጆሮ ሥር ጮኸ። እሱ ሊያጠፋው ሲጣደፍ ደግሞ ከኋላው የሴት ድምፅ ሰማሁ፤ «ጎበዝ! አሁን ደግሞ ይህን እግር» ትላለች።

«ማናት እሷ?» አልኩት። «ስማኝ፤ ወይ ሴት ይዟል፣ ወይ ሞቷል። ምረጥ!»

«ኧረ እትዬ፣ አልሞተም!» ብሎ ልቅሶውን ለቀቀው።

ከዚያ ሁሉን ነገረኝ። ሥራ ላይ እያለህ ስትሮክ እንደመታህ፣ ቀኝ ጎንህና ምላስህ እንደማይታዘዙልህ፣ ሴትየዋም እግርህን የምታለማምድ የሆስፒታሉ ባለሙያ እንደሆነች፣ በስልክህ ሲመልስልኝ የከረመውም እሱ ራሱ እንደሆነ። «እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፤ ትንሽ ሲሻለው ልነግርሽ ነበር» አለኝ። ለአንዲት አፍታ፣ ውሽማህ አለመሆኗን ሰምቼ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ምነው ውሽማህ በሆነች ብዬ ተመኘሁ። ከዚያ ወንድምህን አፌ እንዳመጣልኝ ሰደብኩት።

ስለ ሰርቨሩ አታስብ። አሮጌው ሲስተም እየሠራ ነው፤ ከኢንተርኔትም ነቅዬዋለሁ። አዲሱን በሌላ ማሽን ላይ ገንብቼ ከመሣሪያው ጋር መግባባቱን ሳላረጋግጥ አልነካውም። ኃላፊው ፈቃድ ሰጥቶኛል። ልጃችን እህቴ ጋር ትቆያለች፤ አባትሽን ትንሽ አሞታል ብያታለሁ።

እኔ እስክደርስ የሚያነሳህም የሚያስተኛህም እጅ የተባረከ ይሁን፤ የዚያች ሴት፣ የዚህ ውሸታም ወንድምህም ጭምር። እንቅልፍህን ያጣፍጥልህ፤ ፍርሃትን ከአልጋህ ያርቅልህ።

ወንድምህ «ሁሉን ይሰማል» ብሎኛል። እንግዲህ ይህን ከሰማህ በግራ እጅህ የወንድምህን እጅ ጨበጥ አድርገው። «ጨበጠኝ» ብሎ ይጽፍልኛል። አላምነውም። ስለዚህ ዓርብ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ፤ የእኔን እጅ ትጨብጣለህ።

ሚስትህ