ዋጋቸውን ተናግረው ዝም ያሉት ጸሐፊ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው እናታችን ከአውቶቡስ ሾፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአውቶቡሶች ማደሪያ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ነበሩ። ልጅነታቸው ያለፈው በስፌት መኪናው እግር ሥር ነው። አያታችን ለደንበኛ ዋጋቸውን አንዴ ይናገሩና ስፒሎቻቸውን በከንፈራቸው ይዘው ወደ ልብሱ ያቀረቅሩ ነበር። አፉ ስፒል የያዘ ሰው መልስ ስለማይሰጥ ደንበኛው ብቻውን ተከራክሮ ብቻውን ይስማማል። እናታችን ይህን እያዩ አደጉ፤ ጥቅሙ የገባቸው ግን ጸጉራቸው መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ከሚለጠፈው ጽሑፍ ግማሹ የእሳቸው ነበር፤ ከሥሩ የሚሰፍረው ስም ግን የክፍል አለቃው ነው። ነገሩ ከዚያ ጀምሮ ነው።

በማታው ክፍለ ጊዜ በቋንቋ ዲፕሎማ ካገኙ በኋላ በአንድ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ። እዚያው ከማሽን ኦፕሬተሩ አባታችን ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን ሴት ልጃቸውንና ታናሽ ወንድሟንም ወለዱ። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ አባታችን ሌላ ማተሚያ ቤት ገቡ። እናታችን ግን ቅጥር ስላላገኙ በፍሪላንስ መጻፍ ጀመሩ።

የጽሕፈት ክፍል አልነበራቸውም። የሚጽፉት በመስኮቱ ሥር በተዘረጋው የካውያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ልብስ ሲተኮስ ወረቀቱ ይነሳል፣ ወረቀቱ ሲዘረጋ ልብሱ ሳይተኮስ ይቀራል፤ ቤተሰቡም ለዓመታት የተጨማደደ ለብሶ ወጥቷል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የድርጅቶች የምሥረታ በዓል መጽሔት፣ የሥራ አስኪያጆች ንግግር፣ የመድኃኒት መመሪያ፣ የማያውቋቸው ሟቾች የሕይወት ታሪክ ሳይቀር ተጽፏል። በየአዳራሹ ብድግ ተብሎ የተጨበጨበላቸው አለቆች ብዙ ናቸው። ጭብጨባው የማን እንደነበር ዛሬ ይታወቅ።

አብዛኛው ሥራቸው ግን ለአንድ መጽሔት ነበር። የመጽሔቱ ባለቤት ክፍያውን በፖስታ አድርገው ሲሰጧቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለእርስዎ ብቻ ነው የጨመርኩት፤ አደራ፣ ለሰው እንዳይተነፍሱ» ይሏቸዋል። እናታችን አደራ የማይበሉ ሴት ነበሩና አልተነፈሱም። ልጆቻቸው ጫማ ሲጠይቋቸው እንኳ፣ «እኔ ከሌሎቹ እሻላለሁ» እያሉ ራሳቸውን ያጽናኑ ነበር። ልጃቸው ይህን ስትጽፍ ደሟ ይፈላል። የሐዘን ቀን ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በዚያው መጽሔት ጎን ለጎን የሚጽፉ አንዲት ሌላ ሴት ነበሩ። ሁለቱ ለዓመታት ከአንገት በላይ ሰላምታ እየተለዋወጡ ሲሸሻሹ ኖሩ፤ ጨዋታ ከተጀመረ ምስጢሩ ያመልጠናል ብለው ይፈሩ ነበርና። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሁለቱም በሕንፃው ሊፍት ውስጥ ተቆልፎባቸው ቀሩ። ሴትየዋ በጨለማው ውስጥ አልቻሉም፤ አለቀሱ። «እህቴ፣ ከሁላችሁ ተለይቶ ለእኔ ብቻ ተጨምሮልኝ እንኳ የቤት ኪራይ አቃተኝ» አሉ።

«ለአንቺ ብቻ?» አሏቸው እናታችን።

«አዎ፤ አደራ፣ እንዳልተነፍስ ብለውኛል።»

የሚከፈላቸውን ተነጋገሩ። አንድ ዓይነት ነበር። መብራት ሲመጣ ተቃቅፈው ወጡ። እናታችን ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ አንድ ሳህን አነሱና ከግድግዳው ጋር አጋጩት። ለጎረቤት አምልጧቸው ነው ብለን ነበር፤ አላመለጣቸውም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የኋላ ክፍል፣ በወረቀት ካርቶን ላይ እየተቀመጡ ጸሐፊዎችን መሰብሰብ ጀመሩ። የክፍሉ ደንብ አንድ ነው፤ የመጣ ሁሉ የተከፈለውን አፍ አውጥቶ ይናገራል። መጀመሪያ የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ከኀፍረት የተነሳ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነበር። ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ! ከዚያ የትኛው ድርጅት በአግባቡ እንደሚከፍል፣ የትኛው «ለሙከራ» ብሎ አስጽፎ አትሞ እንደሚሰወር፣ ውል ላይ ምን መስፈር እንዳለበት ይነጋገሩ ገቡ። ሥራ የበዛበት ሥራ ላጣው ያካፍላል። ደህና ከፋይ ያገኘ ሰው በሩን ለሌላው ያሳያል።

ከሁሉ የከበዳቸው ዋጋ ተናግሮ ዝም ማለት ነበር። ለመለማመድ አንዱ አሠሪ ይሆንና ግንባሩን ይቋጥራል፤ ሌላው ዋጋውን ይናገርና አፉን ይዘጋል። ዛሬ ሣጥኑን ከሚሸከሙት አንዱ የሆነው ባልደረባቸው፣ አሠሪው ገና ሳይተነፍስ ደጋግሞ ስለቀነሰ ቅናሽ የሚል ስም ወጣለት። ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ እናታችን አልሳቁም። በሳምንቱ የአያታችንን የስፒል ሣጥን ይዘው መጡና አንዷን በከንፈሩ አስያዙት። «እስቲ አሁን ቀንስ!» አሉት።

ጸሐፊዎቹ አንድ ላይ ሆነው ከዚህ ዋጋ በታች አንጽፍም ሲሉ የመጽሔቱ ባለቤት እሳት ለብሰው እሳት ጎረሱ። መጽሔቱን በፎቶግራፍ ብቻ ሞልተው ቢያወጡት የሚገዛው ጠፋ። ዞረው ዞረው የሁሉንም ክፍያ ጨመሩ። ለእናታችን ግን በራቸውን ዘጉ። «ሴትየዋ ረባሽ ናቸው» የሚለው ወሬያቸውም ሌሎቹ አሠሪዎች ዘንድ ከእሳቸው ቀድሞ ደረሰ። እናታችን ሌላውን ያስተማሩትን ዋጋ ራሳቸው ሳያገኙ፣ በእርማት ሥራ እየኖሩ አረጁ። በእሳቸው ትከሻ ላይ ቆማችሁ ክፍያችሁ ሲጨምር ሐሙስን የረሳችሁም ዛሬ እዚህ አላችሁ። እንኳን መጣችሁ፤ ግን አይተናችኋል።

እሳቸው ሐሙስን አልረሱም። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ እንኳ ጸሐፊዎቹ አልጋቸውን ከበው ስለ ውል ይከራከሩ ነበር። ነርሷ «ይህ ጥየቃ ነው ወይስ ስብሰባ?» ብላ ስታስወጣቸው እናታችን ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «ስብሰባ ነው» አሏት። ባለፈው ማክሰኞ ንጋት ላይ፣ በተወለዱ በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በማግስቱ የመጽሔቱ ባለቤት ለቅናሽ ደወሉለት። «የመጽሔታችን ታላቅ ብዕር» በሚል ርእስ ስለ እናታችን ሙሉ ገጽ እንዲጽፍላቸው ፈለጉ። በር ዘግተውባቸው በሞቱ በማግስቱ ታላቅ ብዕር! «መቼም ለክብራቸው ስለሆነ ሒሳብ አትጠይቀኝም» አሉት።

ቅናሽ በእኛ ሳሎን ወንበር እየደረደረ ነበር። ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፈተው። ዋጋውን ተናገረ። ከዚያ ዝም አለ። ባለቤቱ ስለ ወረቀት መወደድ ተናገሩ። ስለ ሐዘናቸው ጥልቀት ተናገሩ። «ሃሎ? አለህ?» አሉ። የቅናሽ ከንፈር ተንቀጠቀጠ እንጂ አልተከፈተም። አባታችን እንኳ ሳላቸውን ዋጥ አድርገው ያዙ። በመጨረሻ ሰውየው፣ «እሺ፣ ቀብሩ ላይ ስንገናኝ መልሴን እነግርሃለሁ» ብለው ዘጉ።

እናታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ሁለት ታላላቅ ወንድሞቻቸውንና የሐሙሷን ክፍል ለእኛ ትተው ሄደዋል። ነፍሳቸውን ማንም ሰው አፉን ዘግቶ ከማይበደልበት ስፍራ ያኑርልን፤ እዚያም የሚያስጽፋቸው ካለ በአግባቡ ይክፈላቸው።

አሁን ሁላችንም ቆመን በኅሊና ጸሎት እናስባቸዋለን። ከፊት ረድፍ ወንበር እንዲያዝላቸው ያስነገሩት የመጽሔቱ ባለቤት ይህ እስከታተመበት ሰዓት ድረስ መልሳቸውን አልሰጡም። ስለዚህ ዝም እንበል። ማንም ቀድሞ እንዳይናገር።