ማንም ያላስቀመጠልሽ የእትብት ደም

ይታይሽ ዓለሜ፣

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው ገብቷል። ንፋስ መውጫ እንደምታውቂያት ናት፤ ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ ልብስ አላደርቅ ብሏል። ልጃችን አንደኛ ክፍልን ጨረሰች። የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ አንቺን ናት። እኔም አስተምራለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ደክሞኛል ይታይሽ። ሐዘን እንዲህ አድካሚ መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ እናትሽ ነው። ያኔ አዲስ አበባ፣ ለደምሽ ካንሰር መዳኛው መቅኒሽ በሌላ ሰው መቅኒ ሲተካ ብቻ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮን፣ የእህትሽም የወንድምሽም አልገጥም ሲል፣ አንድ መንገድ ቀርቶ ነበር፤ ልጅ ሲወለድ ከእትብቱ የሚቀዳ፣ በመቅኒ ፋንታ የሚሰጥ ደም። ለማንም በሽተኛ እንዲሆን አቀዝቅዘው የሚያስቀምጡ የሕዝብ ባንኮች ውጭ አገር አሉ። ተፈለገልሽ፤ የሚገጥምሽ ጠፋ። ይህን በስልክ ስነግራቸው እናትሽ፣ መድኃኒቱ እትብት ከሆነማ የልጄ እትብት እኔ ጓሮ ነው አሉ።

ከዚያ ያደረጉትን አንቺ አታውቂም። ስማዳ፣ እትብትሽ የተቀበረበትን ከግድግዳው ሥር ቆፍረው፣ አፈሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ እስከ ወገዳ በእግር፣ ከወገዳ በመኪና ገሠገሡ። መኪናው ተበላሽቶ አንድ ቀን መንገድ ላይ ዋሉ። ሲደርሱ ቋጠሮውን ለሐኪሙ ሰጡት። ሐኪሙ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። አንቺ በማግስቱ ንጋት ላይ አረፍሽ።

አፈሩ መድኃኒት እንደማይሆን በለቅሶ መሐል ማን ያስረዳ? ከዚያ ወዲህ እናትሽ ከሰውነት ተራ ወጡ። ቅዳሴ ይሄዳሉ፣ ከሰንበቴ አይቀሩም፤ እህል ግን አይቀምሱም ማለት ይቀላል። እኔ እርጅና መስሎኝ ነበር።

በዚህ ወር ታናሽሽ ወገዳ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እኔም ሄጄ አብሬ ነበርኩ። እናትሽ የአዋላጇን እጅ ይዘው፣ የእትብቱን ደም አትድፊው፣ ለሰው ልጅ አስቀምጪው ብለው ለመኗት። የሚቀበል ቦታ የለም ስትላቸው ወደ እኔ ዞሩ። አንተ አስተማሪ አይደለህ፣ ለምን እንደሌለ ንገረኛ አሉ።

ነገርኳቸው። ሰጪዋ እናት አትከፍልም፣ አይከፈላትምም። መመርመሩ፣ ማቀዝቀዙ፣ ዓመት ከዓመት ማቆየቱ ግን ብዙ ገንዘብ ይበላል። ከሚቀመጠው አብዛኛው ፈላጊ ሳያገኝ ይኖራል፤ ጥቂቱ ሲወጣ ሆስፒታሎች የሚከፍሉት የቀረውንም ሁሉ ወጪ መሸፈን አለበት። ገንዘብ ያለው ለገዛ ልጁ ብቻ እየከፈለ የሚያስቀምጥበት ቤት ሌላ ነው፤ የሕዝቡ ለማይታወቅ ሰው ነው። በጀቱ ለወላድ የሚሰጥ ደም እንኳ ለማሟላት በሚቸገርበት አገር ይህን ማን ይጀምረዋል? ደግሞም ይበልጥ የሚገጥመው የገዛ አገር ሰው ደም ነው፤ ከእኛ የሰጠ ስለሌለ ለእኛ አይገኝም። እናትሽ፣ የደጋ ገብስ ካላስገባህበት ጎተራ የደጋ ዘር አይወጣማ አሉ። ልክ ናቸው፤ ልክ መሆናቸው ግን ምንም አልረባንም።

ቀጥለውም፣ ታዲያ መኪናው ባይበላሽ ኖሮስ? አሉኝ። ያኔ ገባኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ልጄን በአንድ ቀን መዘግየት ገደልኳት ብለው ኖረዋል። ከአፈሩ ደም እንደማይገኝ፣ በዓለም ላይ ለአንቺ የሚሆን አንድ ከረጢት የእትብት ደም እንኳ እንዳልተገኘ፣ ስለዚህ የዘገዩበት ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው። እንባቸው ወረደ። ኋላ ለአራሷ ከተሠራው ገንፎ አምጡልኝ ብለው በሉ።

እሳቸውን ያሳረፋቸው ነገር እኔን አላሳረፈኝም። አንቺን ያጣሁሽ ወጪና ገቢ አልገናኝ ብሎ መሆኑን ተሸክሜ ወደ ቤት ተመለስኩ። የምረግመው ሰው እንኳ የለኝም፤ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አልረሳሽም። ክረምቱ ሲወጣ ጤና ቢሮ እሄዳለሁ። እዚህ የሚወለዱ ልጆች የእትብት ደም ለማላውቃት የሰው ሚስት እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ። አያዋጣም ይሉኛል። በዓመቱ ስምሽን ጠርቼ እንደገና እጠይቃለሁ።