ትንፋሽ ያጠራት የሣር ማጨጃና ሦስቱ ፊርማዎቼ

ለተከበሩ የአረንጓዴ ቦታዎች እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ክረምቱ ጉልበትዎን፣ ስብሰባው ወገብዎን እንዳልጎዳው፣ ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። የሣር ማጨጃ ማሽንዎም ደህና ናት። ደህና ስለመሆኗ ሦስት ጊዜ ፈርሜያለሁ።

ስሜ ኪዳነወልድ ይባላል። ምን አለሽ ተራ ውስጥ ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕና የመሳሰሉ ትንንሽ ሞተሮችን ስጠግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። እንደ ትራክተር ተቀምጠው የሚነዷት የጽሕፈት ቤትዎ ማሽን ለመጨረሻ ጊዜ መጥታ እኔ ደጃፍ ከቆመች ዛሬ አርባ አንደኛ ቀኗ ነው። ሾፌሯ ጋሽ ሙደሲርም እንደዚሁ። ከነገ ወዲያ ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ተሰብስቦ እኚህ ሰው ከሥራ ይሰናበቱ ወይስ ይቆዩ የሚለውን እንደሚወስን ስለሰማሁ፣ በአካል ቀርቤ ላስረዳዎ አራት ጊዜ መጥቼም አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ፣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። አቤቱታዬን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ማሽኗ። ከተክለ ሃይማኖት ወደ ሲኒማ ራስ በሚወስደው መንገድ አካፋይ ላይ ለበቀለችው ሣር እንዲህ ያለ ማሽን ስለገዙልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ማሽኗ ከሣሩ በአንድ ጎማ ትሰፋለች፤ ስለዚህ ጋሽ ሙደሲር ሁልጊዜ በአንድ ወገን ሣር፣ በሌላ ወገን አስፋልት እየረገጡ ነው የሚያጭዱት። ለሩብ ሰዓት ያህል እንደ አዲስ ትሄዳለች። ከዚያ ድምጿ ይቆራረጣል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ዝም ትላለች። ቁልፉን ቢያዞሩት አትነሳም። ከኋላዋ ሚኒባስ፣ ከሚኒባሱ ኋላ ጨርቅ የጫነ አይሱዙ ይሰለፋል፤ የታክሲ ረዳቶችም አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ጋሼ፣ በጓ ጠግባለች መሰለኝ፣ ወደ ቤት ይንዷት» ይሏቸዋል። በመጨረሻ ተሸካሚዎች እየገፉ ወደ እኔ ያመጧታል። ተሸካሚዎቹ አይቀልዱም። የቆመ ነገር መግፋት ምን እንደሆነ ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

፪. ስለ ኮሚቴው። ሦስቱ የኮሚቴዎ አባላት ማሽኗን ሊመረምሩ ሦስት ጊዜ ድረስ መምጣታቸው፣ በዚህ ግርግርና በዚህ ጭቃ፣ ለሕዝብ ንብረት ያላቸውን ተቆርቋሪነት ያሳያል። የመጀመሪያ ጥርጣሬያቸው ጋሽ ሙደሲር ቤንዚን እየቀዱ ይሸጣሉ የሚል ነበር። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የቤንዚን ማጠራቀሚያውን፣ የሰልባቲዮውን ክዳን ከፍተው እንጨት ይነክራሉ፣ እርጥቡን በጣታቸው ይለካሉ፣ ይከድናሉ፤ ከዚያ ሞተሩ ይነሳ ይላሉ። ሞተሩም በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል። አሥር ደቂቃ በሰዓት ቆጥረው፣ ቃለ ጉባኤያቸው ላይ «ማሽኗ ጤነኛ ናት፤ ችግሩ የአነዳድ ነው» ብለው ጽፈው ይሄዳሉ። ከሥሩ «ያረጋገጠው ባለሙያ» የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ የተፈረመው ስም የእኔ ነው።

፫. ስለ ባለሙያው። ካንዴላ ቀየርኩ። ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ። ፊልትሮውን አራገፍኩ፣ የባትሪውን ራስ ፋቅኩ። ጽሕፈት ቤትዎ ለሙከራ የሚፈቅድልኝ ቤንዚን በሃይላንድ ግማሽ ስለሆነ፣ ክዳኑን ከፍቼ እሱን ጨምሬ፣ አሥር ደቂቃ አስነስቼ አየሁ። ሠራች። ፈረምኩ። ተመልሳ መጣች፤ ያንኑ አደረግሁ፤ ሠራች፤ ፈረምኩ። ሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ከፈረመ በኋላ ሦስተኛውን የሚፈርመው እጁ ብቻ ነው።

ጋሽ ሙደሲር ከመንዳት ቢታገዱም፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ከማሽኗ እንዳይለዩ የሚል ደብዳቤ ከእርስዎ ስለደረሳቸው፣ በየቀኑ ጠዋት አረንጓዴውን የሥራ ልብስ ለብሰው ይመጡና ወንበሯ ላይ ይቀመጣሉ። አይነዷትም። ይጠብቋታል። ለሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩ «ኪዳነ፣ እጄ ይሆን እንዴ?» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልነበረም። ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ሲነግራቸው አምነውት ነበር። የማጥብቀው ብሎን ነበረኝ፤ እሱን አጠበቅሁ።

ይህ ስለ ጋሽ ሙደሲር የጻፍኩት ከአቤቱታ ስለማይቆጠር ቁጥር አልሰጠሁትም።

፬. ስለ ተለጣፊው። ባለፈው ቅዳሜ፣ ከራሴ ቤንዚን ሰልባቲዮውን ሞላሁና ከደንኩት፤ ሞተሩንም አስነስቼ ሌላ ሥራ ያዝኩ። በአሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ተንቀጥቅጣ ጠፋች። ጋሽ ሙደሲር ከወንበሩ ወርደው ራቅ ብለው ቆሙ፤ አለመንካታቸውን እንድመለከት ነው። ክዳኑን ስከፍተው አየር እየሳበ ሽው አለ። ከጎኔ ዘይት የሚቸረችሩት እትዬ ጠሂራ ሰምተው «አንተ፣ ይቺ እኮ ትንፋሽ አጥሯት ነው። አንድ ቦታ ብቻ የበሳሁት የዘይት ቆርቆሮም እንዲሁ ነው የሚያደርገኝ፤ እየተቆራረጠ ይቆማል» አሉኝ። ቀጥለውም «አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ ምን ስትሠራ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በሰልባቲዮው ክዳን ላይ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ ቀዳዳ አለች። ቤንዚኑ ሲጎድል አየር የሚተካው በእሷ ነው፤ ከተዘጋች ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ መውረዱን ያቆማል። ጽሕፈት ቤትዎ ግን መርካቶ ውስጥ ከማሽን ሁሉ አስቀድሞ የሚሰረቀው ክዳን መሆኑን በጥበብ ተገንዝቦ፣ የንብረት መለያ ቁጥሩን የለጠፈው ክዳኑ ላይ፣ ልክ ቀዳዳዋ ላይ ነው። እንዳይላጥም ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎታል። ክዳኑ እስከ ዛሬ አልተሰረቀም። እንኳን ደስ አለዎ። ኮሚቴዎም ሌባ ፍለጋ ክዳኑን በከፈተ ቁጥር አየር አስገብቶ ማሽኗን ያድን ነበር፤ ያዳናትን ማሽን አይቶም ሾፌሩን ይወነጅል ነበር። እኔም ቤንዚን በጨመርኩ ቁጥር እንዲሁ።

ተለጣፊው ይነሳልኝ ብዬ ሰኞ ዕለት የንብረት ክፍል ኃላፊዋን ወይዘሮ ሸዋገነትን ጠየቅሁ። ወንበር ሰጥተው፣ በትሕትና፣ ተለጣፊ የሚነሳው ንብረቱ ሲወገድ ብቻ መሆኑን፣ ያለ ኮሚቴ ፈቃድ የላጠ ሰውም እንደሚጠየቅ አስረዱኝ። ወደ ኮሚቴው ሄድኩ። ኮሚቴው ማሽኗ ጤነኛ ስለሆነች ተለጣፊ የሚነሳበት ምክንያት እንደሌለ ነገረኝ። ማስረጃ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሦስቱን ፊርማዎቼን አሳዩኝ።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። ሦስቱንም ፊርማዎቼን አንስቻለሁ፤ ስሕተት ናቸው። ሐሙስ ስለ ጋሽ ሙደሲር እጅ ከመወሰናችሁ በፊት፣ ማሽኗን አስነስታችሁ፣ ክዳኗን ማንም ሳይነካ፣ ሃያ ደቂቃ አጠገቧ ቁሙ። ከሃያ ደቂቃ ያጠረ ስብሰባ ጽሕፈት ቤትዎ አድርጎ እንደማያውቅ ስለሰማሁ፣ ጊዜው ይከብዳል ብዬ አልሰጋም።

የማይታክተው ትጋትዎ ከእኛ ከደካሞቹ ሳይርቅ፣ ወንበርዎ ጸንቶ፣ ማኅተምዎ ሳይደርቅ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

ሦስት ጊዜ አረጋግጦ ሦስት ጊዜ የተሳሳተው ባለሙያ፣
ኪዳነወልድ፣ ከምን አለሽ ተራ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴ
ለንብረት ክፍል
ለጋሽ ሙደሲር፣ ማሽኗ ላይ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ሐሙስ በጣም ቅርብ መሰለኝ። ጋሽ ሙደሲር ለዙህር ሶላት እስኪሄዱ ጠብቄ፣ ከእትዬ ጠሂራ የጆንያ መርፌ ተውሼ፣ ተለጣፊውን ቀዳዳዋ ባለችበት ቦታ ላይ ወጋሁት። አልላጥኩትም፤ ቁጥሩም በደንብ ይነበባል። ሞተሩ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ድረስ ሁለት ሰዓት ሳይቆራረጥ ሠራ። የመንግሥት ንብረት የበሳሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሐሙስ የግድ አንድ ጥፋተኛ ካስፈለገ የእሳቸውን ስም ሰርዛችሁ የእኔን አስገቡ፣ አጻጻፉን ታውቁታላችሁ። መርፌዋን ለማስረጃነት ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ የሰው ዕቃ ስለሆነች ስትጨርሱ ትመለስ። መለያ ቁጥር ሳይለጠፍባት አትወጣም የምትሉ ከሆነም ለጥፉባት። ዓይኗን ብቻ አትሸፍኑት።