ለእማዬ የመረጥክላት ማጣሪያ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ቁርስ ሳትበላ ሥራ ስትገባ የሚነሳብህ ጨጓራ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ እህቴ ደህና ናት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሳቅ እምቢ ብላ ነበር ያልከኝ፤ አሁን በቀለላት? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ስለ እማዬም «ደህና ናት» ብዬ ለመጻፍ እጄ ለምዶት ነበር። ዛሬ ግን አልጽፈውም።

ይኸው አራት ወር ሙሉ «የማጣሪያውን ፎቶ ላኪልኝ» ትለኛለህ፤ እኔም «የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል» እልሃለሁ። ካሜራው ምንም አልሆነም። በፎቶው ፈንታ ይህን ደብዳቤ ልኬልሃለሁና ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው። በስልክ ስንነጋገር መሀል ላይ እየገባህ ታቋርጠኛለህ፤ ደብዳቤ ደግነቱ አፉን የሚያስይዘው የለም።

ከሄድክ አስራ አንድ ዓመትህ ነው፤ የጓሯችንን ውሃ ረስተኸው ይሆናል። ያው አባባ ያስቆፈረው ጉድጓድ ነው። የከተማው ቧንቧ ዛሬም ከመንገዱ ጥግ ካለው ቦኖ አልፎ ወደኛ አልመጣም። የጉድጓዱ ውሃ ከሞተሩ ሲወጣ ኩልል ያለ ነው፤ ጠዋት በሳፋ የቀዳኸው ግን እኩለ ቀን ላይ ቀዝቅዞ የተረሳ ሻይ ይመስላል። ለሌላ ቤት ቢሆን ይቻላል። እኛ ግን የምንበላው ከነጭ ጨርቅ ነው። አባባ ካረፈ ወዲህ እኔና እማዬ የክሊኒኩን ጋዋንና የእንግዳ ማረፊያውን አንሶላ እያጠብን፣ እየተኮስን ነው የኖርነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ካውያ ሊያርፍበት የተዘረጋ አንሶላ ላይ የዛገ ሚስማር የተኛበት የመሰለ ነጠብጣብ ሲወጣ ወገብህ ነው የሚቆረጠው። በረኪና ጨምረህ ላስለቅቀው ስትል ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል።

ለዚህ ነው «ለሙሉ ቤት የሚሆን ማጣሪያ አስገጥማለሁ» ስትል ከደስታ ብዛት ካውያውን ሳልነቅል የወጣሁት። ውሃውን በንጹሕ ጠርሙስ ይዤ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። የላቦራቶሪው ሰውዬ ጆሮው ትንሽ ስለሚከብደው የሚያወራው እየጮኸ ነው፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ የቤታችንን ጉድ ሰማ። «ብረት ነው! ውሃችሁ ውስጥ ብረት ሟሙቶ አለ! አየር እስኪነካው በዓይን አይታይም!» አለኝ። ቀጥሎም መጀመሪያ ብረቱን የሚያስቀር ነገር እንድንሠራ፣ ያለዚያ ግን ረቂቅ ማጣሪያ ብንገጥም ዝገቱን ውጦ እንደሚታነቅ ነገረኝ። ውጤቱን በወረቀት ጽፎ ማኅተም መትቶ ሰጠኝ።

የዚያኑ ዕለት በስልክ ላነብልህ ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ አላደረስከኝም። «እኔ በምሠራበት ሆቴል እንግዶቹ የሚጠጡት ከዚህ ማሽን ነው፤ ለእናቴ ከዚያ ያነሰ አልገዛም» አልክ። «ሆቴሉ የጉድጓድ ውሃ ነው እንዴ የሚጠቀመው?» ብዬ ጠየቅኩህ። ሳቅክ። «አንቺ ልብስሽን እጠቢ፣ ይህን ለእኔ ተዪው» አልክ። በፍቅር እንዳልከው አውቃለሁ። ነገሩን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ማጣሪያው በመጣ ቀን እማዬ ሠርግና ዓመት በዓል ካልሆነ የማትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ሁለት ሠራተኞች ሳጥኑን ተሸክመው ሲገቡ ሰፈሩ ሁሉ ተከትሏቸው ገባ። ነጭ ነው፣ ቁመቱ የቁም ሳጥን ያህላል፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ መብራት አለው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ እማዬ ጠጣችና አለቀሰች። ከዚያ ለጎረቤት ሁሉ በየተራ እየቀዳች «ልጄ ነው፣ ልጄ ነው» አለች። እኔም ጠጣሁ። ጥሩ ውሃ ነበር፤ ሐሰት አልናገርም።

አስራ ዘጠኝ ቀን ሠራ። በሃያኛው ቀን የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ እንደ እንባ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ከዚያ የወጥ ቤቱም ሄደ። ከገጠሙት አንዱን አስጠራሁትና ፈታው። በረዶ ይመስል የነበረው የውስጥ ማጣሪያ የሸክላ ጭቃ ተለቅልቆ ወጣ። «ከመግጠማችሁ በፊት ውሃውን አስመርምራችኋል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሳቄ አመለጠኝ። ሰውየው ያበድኩ መስሎት ወደ እማዬ ዞረ። አዲስ ብንቀይርም በሦስት ሳምንት እንደዚያው እንደሚሆን ነግሮን ሄደ።

የዚያን ቀን ደወልኩልህ። «አያያዝ ስለማታውቁ ነው» አልክ። እኔ መልስ ልሰጥህ አፌን ስከፍት እማዬ ስልኩን ከእጄ መንጭቃ ወሰደችው። «አይዞህ ልጄ፣ እሷ ቶሎ ትደነግጣለች፤ ውሃው ወለላ ነው» አለችህ። ስልኩን ዘግታ ደግሞ «የሰው አገር ቆሞ ሠርቶ የላከው ነው፤ ቅስሙን ልትሰብሪው ነው?» ብላ ተቆጣችኝ። የእኔ ቅስም የት እንዳለ ግን አልጠየቀችኝም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለመጻፍ ነው ሦስት ወረቀት የቀደድኩት። በእንስራችን ያለው የመጠጥ ውሃ ጣዕሙ ተለወጠብኝ። የቦኖ ውሃ ነው፤ የሚጨመርበት መድኃኒት ይሸታል። እማዬ በስድሳ ስምንት ዓመቷ፣ እኔ ልብስ ለማድረስ ስወጣ ጠብቃ ጀሪካን እየያዘች ቦኖ ትወርድ ነበር። ሁለት ጀሪካን አንጠልጥላ በዋናው መንገድ ብትመለስ ጎረቤት ያያታል፤ ያን ሁሉ ሰው «ልጄ ነው» ብላ ያጠጣች ሴትዮ ውሃ ተሸክማ መታየቱን ሞት አደረገችው። ስለዚህ በቤቶቹ ጀርባ፣ በአቀበቱ በኩል ነበር የምትመጣው። እኔ ይህን አወቅኩ፤ ስምንት ቀን ሙሉ አውቄ ዝም አልኩ። ለምን ብትል፣ ነገሩ ይብሳል፣ ወንድሜም አንድ ቀን ያፍራል ብዬ ነው። በልቤ ይህን ስመኝ ጀሪካኑን ተሸክማ የምትወጣው እሷ መሆኗን ረሳሁት። አንተን ልወቅስህ ስነሳ መጀመሪያ የማገኘው ራሴን ነው።

በዘጠነኛው ቀን ዝናብ ነበር። የቦኖዋ ጠባቂ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። እማዬ አቀበቱ መሀል አንሸራትቷት ወድቃ አገኘኋት፤ አንዱ ጀሪካን ተገልብጦ ጭቃው ላይ ይፈሳል፣ ሌላውን እጀታውን አልለቀቀችም። የጭኗ አጥንት ከዳሌዋ ሥር ነው የተሰበረው። ጎረቤታችን አናጢው የራሱን ቤት በር ገንጥሎ በእሱ ላይ ተሸክመናት ስንወጣ ምን አለችኝ መሰለህ? «ለወንድምሽ አትንገሪው፤ በእሱ ማሽን ምክንያት ይመስለዋል።»

ያኔ «ቁርጥማት ነው» ያልንህ ይህን ነው። «ድምጿ ለምን ደከመ?» ስትለን «ጉንፋን ነው» ያልንህም ይህንኑ ነው። ስትደውል ትራሱን ደግፌ ቀና አደርጋት ነበር፤ ተኝታ ስታወራ ድምጿ ስለሚያስታውቅባት። ሕመሙን ጥርሷን ነክሳ ችላ ታስቅህ ነበር። አንድ ቀን እሷን ካሳቅክ በኋላ ለእኔ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ማጣሪያውን በየጊዜው እያጸዳሽ ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ችላ ብለሽዋል?» ስልኩን የዘጋሁብህ ኔትወርክ ጠፍቶ አልነበረም።

በዚሁ መሀል ክሊኒኩ ሄደብን። ዋናዋ ነርስ ጋዋኖቹን አጣጥፋ ይዛ ራሷ መጣች። ደግ ሴት ናት፤ ነጠብጣቦቹን እያሳየች እኔን ላለማየት መሬት መሬቱን ታይ ነበር። «በሽተኛው ደም ይመስለዋል» አለችኝ። ልክ ናት።

እማዬን ከሐኪም ቤት ባስወጣኋት በሳምንቱ ወደ ላቦራቶሪው ሰውዬ ተመለስኩ። የቀደመውን ወረቀት ገልብጦ ብረቱን የሚያስቀረውን ነገር ጀርባው ላይ በእርሳስ ሣለልኝ። አናጢው በትርፍ ሰዓቱ ቆጥ ሠራ። አሁን ውሃው ከሞተሩ ወጥቶ እንደ ወንፊት በተበሳሳ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ከከፍታ ይወርዳል፤ አየር ሲነካው ይዝጋል፤ ዝገቱ በርሜል ውስጥ ይዘቅጣል፤ ቀሪውን በሁለተኛው በርሜል ያለው አሸዋ ያስቀረዋል። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱም፣ ወደ መታጠቢያውም፣ ወደ ልብስ ማጠቢያውም ይሄዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ አሸዋውን አጥበዋለሁ። ሲያዩት የዶሮ ቤት ነው የሚመስለው። ነጩ ግን ነጭ ሆኖ ይወጣል። እንግዳ ማረፊያው አልተወንም፤ ክሊኒኩ ግን ሌላ ለምዷል፣ አልተመለሰም።

ያንተ ማጣሪያስ የት ደረሰ ትል ይሆናል። ቧንቧውን ፈትቼ ልጠቀልለው ስል እማዬ በክራንቿ መንገድ ዘግታ ቆመች። አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ነው፣ ከበሩ ፊት ለፊት። በአንድ በኩል የሚገባ፣ በሌላ በኩል የሚወጣ ቧንቧ የለውም። ሶኬቱ ብቻ ተሰክቷል፤ ሰማያዊ መብራቱ ይበራል። እንግዳ ሲመጣ እማዬ ከወጥ ቤት ውሃ አስቀድታኝ፣ ብርጭቆውን ሰውየው እጅ ላይ ስታደርግ በአገጯ ወደ ግድግዳው ትጠቁማለች። «ልጄ ነው» ትላለች። እኔ ትሪውን ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ። ፎቶ ያልላክሁልህ ለዚህ ነው። በፎቶ ቢታይ ያምር ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ ክፉ ልብ ኖሮህ ነው አላልኩም። ለእናትህ ከሁሉ የተሻለውን ፈለግህ፤ ከእኔ ግን አንድ ወረቀት ሰምተህ አታውቅም። እዚህ የቀረሁት ማሰብ ስላቃተኝ አይደለም፤ ከሁለታችን አንዳችን መቅረት ስለነበረብን ነው። ሌላ ማሽን እንዳትልክ። ይቅርታም በስልክ አትጠይቃት፤ የነገርኩህ እኔ መሆኔን ታውቅና ትቀየመኛለች። ሐኪሙ ያለ ክራንች መሄዷን ተስፋ እንዳናደርግ ነግሮኛል። ፈቃድ ካገኘህ ና፤ በዓይንህ እያት።

ለባለቤትህ ለእህቴ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን፣ ትንሿን ደግሞ ጥርሷ የወለቀበትን በኩል ጉንጯን ሳምልኝ። አናጢው «የልጅነት ጓደኛዬን ጤና ይስጥልኝ በይልኝ» ብሏል፤ በሩን ሲገነጥል የቤቱ ግድግዳ እንደተነቀለ ነው፣ አሠሩልኝ አላለንም። የቦኖዋ ጠባቂ ባታውቅህም ሰላም ብላሃለች።

ከእማዬ ሰላምታ አልጻፍኩም። ይህን ደብዳቤ መጻፌን አታውቅም፤ በስሟ ሰላምታ ፈጥሬ እንዳልጨምር ደግሞ በዚህ ቤት ያለው ውሸት በቅቶኛል።

እህትህ

ተጻፈ ከቤታችን፣ ከጓሮው የልብስ መተኮሻ ክፍል
ሐሙስ፣ የካቲት 12 ቀን