የአባን ሽጉጥ ማን ያጥባል

ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡00፣ ጭሮ

ውኃው ፈልቷል። ሽጉጡ ተፈታቶ ሳፋ ውስጥ ነው። ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ አሮጌ ሻሽ። ጎረቤቴ ኸዲጃ በአጥር አየችኝና ሳቀች፤ መሣሪያ እንደ ድስት ይታጠባል ወይ አለች። አዎ ይታጠባል። ይሄ እንደ ዛሬዎቹ ጥይት አይጎርስም፤ ባሩዱን በእጅ ታፈሳለህ፣ ድቡልቡሉን እርሳስ ትጠቀጥቃለህ፣ ከኋላ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሿን የመዳብ ቆብ ትሰካለህ። ጥላሸቱ ካደረ ብረት ይበላል፤ የሚለቀውም በሙቅ ውኃ ብቻ።

ያቆሸሸው ወንድሜ ጀማል ነው። ትናንት ቦኬ እርሻው ላይ ተኩሶ፣ አምጥቶ በር ላይ ጣለልኝ። ከልጅነታችን እንዲሁ ነው። ማጠብ የሴት ሥራ ነው ብሎ ስለሸሸ አባ ሁሉንም ለኔ አስተማረኝ። ደብተሬ፣ ስሞታ እንዳይመስልህ። ደስ ብሎኝ ነው የተማርኩት።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

አባ ካረፈ ወዲህ የሽጉጡ ፈቃድ በስሙ እንደቀረ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ሄድኩ። አንድ ወራሽ ያመልክት፣ ሌላው ይፈርም አሉ። ወራሾቹ እኔና ጀማል ብቻ። ጀማል ግን ሴት መሣሪያ አትይዝም ብሎ ሽጉጡን ይዞት ሄደ። አጎታችን ሼህ አብዶ ሐሙስ ሽማግሌ ይየው አሉ። ይዩት!

ሐሙስ፣ ከቦኬ መልስ

ጀማል እንዲያብረቀርቅ ብሎ ውስጡን ሁሉ የሞተር ዘይት ቀብቶታል። ደረቱን ነፍቶ በሽማግሌዎቹ ፊት አጎረሰ። ቃታ ሳበ። ቆቧ ጠሽ አለች፣ ባሩዱ ዝም። ደገመ፤ ዝም። ዘይቱ ባሩዱን አርጥቦታል፤ ይህን እንኳ አያውቅም።

ሼህ አብዶ ዘሃራ ትሞክረው አሉ። የረጠበውን አውጥቼ፣ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ እንደገና አጎረስኩ። እሳቱ ከአንዱ የባሩድ ጉድጓድ ወደ ሌላው እንዳይዘል አፋቸውን በሞራ ደፈንኩ። ተኮስኩ። ድንጋዩ ላይ የነበረው ጣሳ በረረ። ልቤ ሙሉ ሆነ፣ ዋላሂ።

ብይኑስ? ፈቃዱ በጀማል ስም፣ ማጠቡ ለዘሃራ። ሁሉም ጥሩ ተባለ አሉ። ሼህ አብዶን እጃቸውን ሳምኩና፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ይህን ግን አላደርግም አልኳቸው። ያገኘው ይጠበው። ከተኮስኩ በኋላ ሳላጥበው የመጣሁት በዕድሜዬ ዛሬ ገና ነው። ያመኛል። ቢያመኝም አልመለስም።

ቅዳሜ፣ 4፡00

ጀማል በረንዳዬ ላይ ነው። እንዳጥብለት ሽጉጡን በፎጣ ጠቅልሎ አምጥቷል። በናፍጣ አሽቶታል፤ ምን ዋጋ አለው፣ አፈሙዙ በዝገት ቀልቷል። አባ በሻሹ ሲወለውለው ዓይኔ ላይ መጣ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ማመልከቻዬን በስሜ ጽፌ ጨርሻለሁ። የሱ ፊርማ ብቻ ቀርቷል። አሳየሁት። ሰው ምን ይለኛል አለ። ዝገቱ ሰው የሚለውን እስክትሰማ አይጠብቅህም አልኩት። ከዚያ ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። አልወጣም። ቀኑን ሙሉ ይቀመጥ።

5፡10

አሁንም እዚያው ነው። ፎጣውን ይገልጣል፣ ይሸፍናል።

5፡30

በመስኮት ጠራኝ። እስክሪብቶ ስጪኝ አለ። ቤት ያለው ይኼ የምጽፍበት ብቻ ነው፣ ልስጠ—